የሐበሻ ጎመን 34 ክሮሞዞም፦ «አዲስ ዝርያ ታይቶ አያውቅም» ለሚሉ ጸሐፊዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ፍጥረት በዚህ ዓምድ የሚወጡትን ደብዳቤዎች ስንከታተል ቆይተናል። በዕፅዋት ማዳቀልና በሥነ ሕይወት ትምህርት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ብዕር ያነሣነው በየደብዳቤው አንድ አባባል ስለሚመላለስ ነው፦ «ፍጡር ካለበት አካባቢ ጋር ይላመድ ይሆናል እንጂ ከአንዱ ዝርያ ሌላ ዝርያ ሲወጣ ያየ ሰው የለም።» ስለ ፈጣሪ መኖር የምንለው የለንም፤ እሱን የሚለካ መሣሪያ በላቦራቶሪያችን አይገኝም። ይህ አባባል ግን ስለ ተክልና ስለ እንስሳ የተነገረ ስለሆነ ትክክል መሆን አለመሆኑ ይፈተሻል። ተፈትሿልም፤ ስሕተት ነው። ይህንን ለማሳየት ከጓሮ ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

ዝርያ ስንል እርስ በርሱ ተዳቅሎ ፍሬያማ ዘር የሚተካ፣ ከሌላው ጋር ሲዳቀል ግን ዘሩ የማይጸድቅ ወይም መካን የሚሆን ማለታችን ነው። ገበሬ ከዘር ድርጅት የሚገዛው የስንዴ ወይም የጤፍ ምርጥ ዘር በዚህ ትርጉም ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። ፈረስና አህያ ግን ሁለት ዝርያ ናቸው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚሸከም ክር) አላቸው፤ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች፤ ክሮሞዞሞቿ ተጣምረው እኩል መከፈል ስለማይሆንላቸው አትወልድም።

አሁን ወደ ጎመኑ። የሐበሻ ጎመን፣ ማለትም ቅጠሉን ለወጥ የምንቀነጥሰው፣ ፍሬውን ጎመን ዘር ብለን ምጣድ የምናሰሳበት ተክል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ 34 ክሮሞዞም አለው። ሰናፍጭ 16 አለው። ጥቅል ጎመን ደግሞ ከአበባ ጎመንና ከብሮኮሊ ጋር የአንድ ዝርያ አባል ሆኖ 18 አለው። 16 እና 18 ሲደመሩ 34 ነው። ይህ የቁጥር መግጠም ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ኡ ናጋሃሩ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ግን በ1935 እ.ኤ.አ. ስድስት የጎመን ዘመድ የሆኑ ዝርያዎችን በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ አስቀምጦ አሳየ። ሦስቱ ወላጆች 16፣ 18 እና 20፣ ሦስቱ ድቅሎች 34፣ 36 እና 38 ክሮሞዞም አላቸው። ከድቅሎቹ አንዱን፣ ዘይት የሚጨመቅበትን ባለ 38ቱን፣ ሁለቱን ወላጆች አዳቅሎ ራሱ ሠራው። የሐበሻ ጎመንም ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዳቃዮች እጅ ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ዘመዶች እንደገና ተሠርቷል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። በነጋታው የሚከፈት የሰናፍጭ እንቡጥ ይመረጣል። በቀጭን መቆንጠጫ ገላጭ ቅጠሎቹ ይከፈቱና ስድስቱ ወንዴ አካላት፣ አራቱ ረጃጅሞችና ሁለቱ አጫጭሮች፣ ብናኛቸው ሳይፈነዳ ይነቀላሉ። መሐል ላይ ያለው ሴቴ አካል ሳይነካ ይቀራል። ከጥቅል ጎመን ዘመድ አዲስ የተከፈተ አበባ ተወስዶ ብናኙ በሴቴው ጫፍ ላይ ይቀባል። ወዲያው በወረቀት ከረጢት ይሸፈንና ቀኑና የሁለቱ ወላጆች ስም ይጻፍበታል። ያልተሸፈነ እንቡጥ ላይ ንብ የሌላ ሰናፍጭ ብናኝ ታመጣለች፤ የሚገኘው ዘርም ተራ ሰናፍጭ ይሆናል። ለዚህ ነው ክሮሞዞም ሳይቆጠር «ድቅል ተገኘ» ተብሎ የማይጻፈው።

አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው ከዚህ በኋላ ነው። ጽንሱ ይፈጠራል፤ ጽንሱን የሚመግበው የዘሩ ስንቅ ግን ከሁለት የተለያዩ ወላጆች ስለመጣ በወጉ አያድግም፤ ዘሩም ገና ሳይጎመራ ይጨማደዳል። አዳቃዮች ጽንሱ ሳይሞት ከእንቁላል ቤቱ አውጥተው ስኳርና ማዕድን ባለው፣ አጋር በሚባል እንደ ጄሊ በረጋ መመገቢያ ላይ ያሳድጉታል። እያንዳንዱ ወላጅ ከክሮሞዞሞቹ ግማሹን ስለሚሰጥ የበቀለው ችግኝ ከሰናፍጭ 8፣ ከጥቅል ጎመን 9፣ በድምሩ 17 ክሮሞዞም ይዟል። ይለመልማል፣ ያብባል፤ ፍሬ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ብናኙ በአሴቶካርሚን ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኛው የሟሸሸና ቀለም ያልያዘ ነው። 8ቱ እና 9ኙ አቻ ስለሌላቸው ክፍፍሉ ይዘበራረቃል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የበቅሎ ነገር ነው።

ተክል ከበቅሎ የሚለይበት አንድ መንገድ አለው። አልፎ አልፎ አንድ ሕዋስ ክሮሞዞሞቹን እጥፍ አድርጎ ሳይከፈል ይቀራል። 17 የነበረው 34 ይሆናል። ከዚያ ሕዋስ የሚበቅል ቅርንጫፍ ላይ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አቻ ስላለው ክፍፍሉ ይስተካከላል፤ ብናኙ ይሞላል፤ ዘርም ይይዛል። ይህ በተፈጥሮ የሚሆን ነው። በላቦራቶሪ ደግሞ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ የሆነ ኮልቺሲን፣ ክሮሞዞምን እጥፍ የሚያደርግ ኬሚካል፣ በጥጥ ተነክሮ ገና ሁለት ቅጠል ባወጣው ችግኝ እምብርት ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። መጠኑ ሲበዛ እምብርቱ ይሞታል፤ ሲያንስ በአንዱ ቅርንጫፍ ክሮሞዞሙ እጥፍ የሆነ፣ በሌላው ያልሆነ ተክል ይወጣና ትልቅ ብናኝ ያለውን ቅርንጫፍ ለይቶ ዘር መሰብሰብ ግድ ይላል። ኮልቺሲን መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም፤ ለትምህርት ቤትም አንመክረውም።

አዲሱ ተክል ወደ ወላጆቹ ሲመለስስ? ከሰናፍጭ ጋር ቢዳቀል 17 እና 8 ተገናኝተው 25፣ ከጥቅል ጎመን ጋር ቢዳቀል 26 ይሆናል። ሁለቱም ጎዶሎ ስብስብ ናቸው፤ የሚወለዱት ተክሎች በአብዛኛው መካን ናቸው። እርስ በርሱ ግን ያለ ችግር ይራባል። ቅድም ባስቀመጥነው መለኪያ ይህ አዲስ ዝርያ ነው። በአንድ ትውልድ ድቅል፣ በሚቀጥለው ዝርያ።

በእርሻችን ላይ ያለው የሐበሻ ጎመን በዚህ መንገድ መምጣቱን በምን እናውቃለን? በቅጠል ሕዋስ ውስጥ ያለው አረንጓዴ አካል፣ ክሎሮፕላስት፣ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ በእነዚህ ተክሎች የሚወረሰውም በእናት በኩል ነው። የሐበሻ ጎመን ክሎሮፕላስት የሰናፍጭ ነው። በቅሎ አባትሽ ማነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ጎመኑ ግን እናቱንም አባቱንም አልደበቀም። በ2021 እ.ኤ.አ. ሙሉ ዘረመሉ ተነቦ ሲታተም 17ቱ የክሮሞዞም ጥንዶች በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ 8ቱ ከሰናፍጭ፣ 9ኙ ከጥቅል ጎመን ጋር ተራ በተራ ይገጥማሉ።

መልሱን እናውቀዋለን፦ «እሱ ድሮም ጎመን፣ አሁንም ጎመን ነው፤ እንደ ወገኑ የተባለው አልተጣሰም።» እንግዲህ ክርክሩ ቦታ ቀየረ ማለት ነው። መጀመሪያ «አዲስ ዝርያ አይወጣም» ነበር፤ አሁን «ቢወጣም ከወገኑ አይወጣም» ሆነ። ጥሩ፤ የወገን ድንበር የት እንደሆነ በምን ይለካል? በመዳቀል ከሆነ ሰናፍጭና ጥቅል ጎመን አንድ ወገን ሊሆኑ ነው። በመልክ ከሆነ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ሁለት ወገን ሊሆኑ ነው። ከውጤቱ በፊት የተቀመጠ መለኪያ እስካሁን በቀረቡት ደብዳቤዎች አላየንም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ምድር ወጣት ናት የሚሉ የዛሬ ጸሐፊዎች በኖኅ መርከብ ውስጥ የዝርያዎች ሁሉ ጥንድ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ጥንድ ገብቶ ከዚያ በኋላ ተባዛ ይላሉ። ከአንድ ጥንድ አንበሳም፣ ነብርም፣ አቦሸማኔም፣ የቤት ድመትም ወጡ ማለት ነው፤ ዛሬ ያሉት የድመት ቤተሰብ ዝርያዎች 40 ገደማ ናቸው። ይህ ሁሉ በአራትና በአምስት ሺህ ዓመት ውስጥ። የትኛውም የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ በድመቶች ላይ ይህን ያህል ፍጥነት ለመጠየቅ አይደፍርም። «ዝርያ ከዝርያ አይወጣም» የሚለውንና የመርከቡን ስሌት አንድ ሰው በአንድ ደብዳቤ አብሮ ሊይዛቸው አይችልም።

«ታይቶ አያውቅም» ለሚለው ከጎመኑ ይልቅ ቁርጥ ያለ ምስክር የሚሆነው በአሜሪካ ዋሽንግተንና አይዳሆ ግዛቶች የሚገኝ ትራጎፖገን የሚባል የሜዳ አበባ ነው። ሦስት የአውሮፓ ዝርያዎች፣ እያንዳንዳቸው 12 ክሮሞዞም ያላቸው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ወደዚያ ገቡ። በ1950 እ.ኤ.አ. የዕፅዋት ተመራማሪው ማሪዮን ኦውንቤይ 24 ክሮሞዞም ያላቸው፣ እርስ በርሳቸው የሚራቡ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ግን ፍሬያማ ዘር የማይተኩ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎችን ገለጸ። ወላጆቹ ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ምድር ሊኖሩ አይችሉም ነበር። በኋላ በተደረገ የዘረመል ምርመራ እነዚህ ሁለት ዝርያዎች በተለያዩ ከተሞች ዳር ለየብቻቸው ደጋግመው እንደተፈጠሩ ታወቀ።

የዳቦ ስንዴም እንዲሁ። 28 ክሮሞዞም ያለው የጥንት ስንዴ በካስፒያን ባሕር አካባቢ 14 ክሮሞዞም ካለው የዱር ሣር ጋር በእርሻ ማሳ ላይ ተዳቅሎ 42 ሆነ። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ፣ ገበሬ ከኖረ በኋላ ማለት ነው። የዱር የዳቦ ስንዴ በየትም የለም። ፓስታና መኮሮኒ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ እስከ ዛሬ 28 ነው። ስንዴ አዳቃዮች ይህንኑ ውልደት በላቦራቶሪ እየደገሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰው ሠራሽ ባለ 42 ስንዴዎችን አውጥተዋል፤ ከዱር ሣሩ በሽታ የመቋቋም ዘረመል ለማምጣት ዋናው መንገዳቸው ይህ ነው።

ቡናን ሳንጠቅስ ብናልፍ አንባቢ አይምረንም። ቡና አረቢካ 44 ክሮሞዞም አለው። ወላጆቹ እያንዳንዳቸው 22 ያላቸው ሮቡስታ እና ዩጂንዮይደስ የሚባሉ ናቸው። መቼ እንደተወለደ ግምቱ ሰፊ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ የዘረመል ጥናት ወደ 610,000 ዓመት አድርሶታል። ወላጆቹ ያለ ሌላ ተክል ብናኝ ፍሬ አይዙም፤ አረቢካ ግን በራሱ ብናኝ ያፈራል። አዲስ የተወለደ ባለ እጥፍ ዝርያ አጠገቡ አቻ ስለሌለው ራሱን ማዳቀል ካልቻለ ዘር ሳይተካ ይጠፋልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቲሞር ደሴት በ1927 እ.ኤ.አ. የተገኘ አንድ የአረቢካና የሮቡስታ ድቅል ደግሞ የቅጠል ዋግን የመቋቋም ዘረመል ይዞ ስለተገኘ ካቲሞር የሚባሉት የቡና ዘሮች መነሻ ሆኗል።

ከተቃዋሚዎቻችን የሚመጣው ጠንካራ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልናድበሰብሰውም አንፈልግም። «ድቅል ሁለት የነበሩ ነገሮችን ደመረ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም» ይላሉ። ትክክል ነው፤ መደመር በራሱ አዲስ ተግባር አያመጣም። አዲስ ተግባር የሚመጣው አንድ ዘረመል ተገልብጦ ሁለት ሲሆንና ግልባጩ ሲለወጥ ወይም ቦታ ሲቀይር ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሪቻርድ ሌንስኪ በየካቲት 1988 እ.ኤ.አ. ከአንድ ባክቴሪያ ዘር 12 ጠርሙስ ጀመረ። ምግባቸው ጥቂት ግሉኮስ ነበር፤ በፈሳሹ ውስጥ ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገርም ነበረ። ይህ ባክቴሪያ፣ ኢ. ኮላይ፣ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት መመገብ አለመቻሉ መለያው ነው። በአንዱ ጠርሙስ ከ31,000 ትውልድ በኋላ ጠርሙሱ በድንገት ደፈረሰ፤ ባክቴሪያው ሲትሬት መብላት ጀምሮ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር ሲትሬት የሚያስገባው ዘረመል ተገልብጦ ግልባጩ ኦክስጅን ባለበት ከሚሠራ ማብሪያ አጠገብ ወድቆ ተገኘ። በየ500 ትውልዱ ናሙና በማቀዝቀዣ ይቀመጥ ስለነበር ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ተደገመ፤ ችሎታው እንደገና የመጣው ከ20,000ኛው ትውልድ በኋላ ከተቀመጡት ናሙናዎች ብቻ ነው። ቀደም ያሉ ለውጦች መንገዱን ማዘጋጀት ነበረባቸው ማለት ነው።

አገራችን ውስጥ የወባ ጥገኛ ያደረገውንም የጤና ባለሙያዎች ያውቁታል። ፈጣን የወባ ምርመራው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። ይህን ዘረመል ያጣ ጥገኛ ምርመራውን ያመልጣል፤ ታማሚው «ነጻ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጥገኛውም ሳይታከም ይተላለፋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ ዓይነት ጥገኛ በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢዎች በተፈጥሮ ምርጫ እየተስፋፋ መሆኑን አሳየ። በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ሲበልጡ ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልግ ምርመራ መቀየር እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። «ይህማ ማጣት ነው፤ መላመድ ነው» ይባል፤ እሺ። የተፈጥሮ ምርጫ መሥራቱን ግን ማንም አልካደም ማለት ነው።

እንስሳት ላይ ነገሩ ቀስ ይላል፤ ክሮሞዞምን እጥፍ ማድረግም እምብዛም አያዋጣቸውም። ለዚህ ጣናን እናምጣ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በ40 ሜትር ገደማ ከፍታው ከታችኛው ዓባይ የሚመጣውን አሳ ያግዳል። ከፏፏቴው በላይ ላቤኦባርበስ የሚባሉ ትልልቅ አሳዎች አሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለው ነበር። በ1990ዎቹ ሆላንዳውያንና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ የአንጀታቸውን ርዝመት፣ የሚበሉትንና የሚፈለፈሉበትን ቦታ ለክተው 15 ገደማ ዝርያ ለዩ፤ ከአንዱ በቀር የሚገኙት በጣና ብቻ ነው። ስምንቱ አሳ በል ናቸው። የዚህ አሳ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም፤ ለአሳ አዳኝነት እጅግ የማይመች አካል ነው። በሌላ ሐይቅ ቢሆን ይህን ቦታ ሌሎች አዳኝ አሳዎች በያዙት ነበር። በጣና ግን ተፎካካሪው ጥቂት ስለነበር ባዶ የቀረውን ቦታ የያዙት እነዚሁ ጥርስ አልባዎች ናቸው።

ከሐይቁ ወለል በተወሰደ የደለል ናሙና ጣና የዛሬ 16,700 ዓመት ገደማ ደርቆ እንደነበር በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ውኃው እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የአኗኗር ክፍፍል ዛሬ ባለው ሐይቅ ውስጥ ያገኘው ጊዜ ያን ያህል ብቻ ነው። በዘረመል ያላቸው ልዩነት ትንሽ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ከመካከላቸው ገሚሶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ይወጡና በተለያየ ሳምንትና በተለያየ ጅረት ይፈለፈላሉ፤ ሌሎቹ ሐይቁን የሚለቁ አይመስሉም። መለያያው ይኸው ነው፤ አጥሩ ገና ያልጠነከረ፣ በሥራ ላይ ያለ መለያየት። (በክረምት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የትኛውን ዝርያ ቀድሞ እንደሚጨርስ ከዚህ መገመት አያዳግትም።)

ክሮሞዞም ካነሣን ስለ ሰውም እንበል፤ «ሰው 46፣ ቺምፓንዚ 48፤ ቁጥሩ ካልገጠመ እንዴት ይዛመዳሉ?» የሚል ጥያቄ ቀርቧልና። ጥያቄው ጥሩ ነው። ጎሪላም ኦራንጉታንም 48 ናቸው። ሙሉ ጥንድ ክሮሞዞም የጎደለው ፅንስ ስለማይተርፍ ዝምድናው እውነት ከሆነ ሁለት ክሮሞዞም አንድ ላይ ተቀጥለው መገኘት አለባቸው። የክሮሞዞም ጫፍ ራሱን የቻለ ተደጋጋሚ ጽሑፍ አለው፤ ስለዚህ መሐል ላይ ሁለት ጫፍ ፊት ለፊት ተጋጥመው፣ በአንድ በኩልም ሥራ ያቆመ ሁለተኛ እምብርት (ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞዞም ተይዞ የሚሳብበት ቦታ) ሊታይ ይገባል። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 2 ላይ ሁለቱም አሉ። መጋጠሚያው በ1991 እ.ኤ.አ. ታትሟል። «መጋጠሚያው በሚሠራ ዘረመል ውስጥ ነው» የሚሉ አሉ፤ ሁለተኛውን እምብርትና ከቺምፓንዚ ሁለት ክሮሞዞሞች ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን የዘረመል ተራ ግን አያብራሩም።

ስለ ዕድሜ አጭር ነገር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዘመን የሚለውን የባሕረ ሐሳብ ቁጥር እናከብራለን፤ በዓላትና አጽዋማት ይወጡበታል። የዛፍ ቀለበት በመቁጠር ብቻ ግን የመካከለኛው አውሮፓ የባሉጥና የጥድ ግንዶች ከ12,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። «ካርቦን 14 እንዴት 3 ሚሊዮን ዓመት ይለካል?» ለሚለው መልሱ አይለካም ነው፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይጠቅምም፤ ድንቅነሽም በእሱ አልተለካችም። 3.18 ሚሊዮን የተባለው በሐዳር ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ፖታሲየምና አርጎን ነው። «ትናንት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ሚሊዮን ዓመት አሳየ» የሚባለውም መነሻ አለው፤ አዲስ ዐለት ውስጥ ካለፈ ፍንዳታ የተረፉ ማዕድናት ካሉ ወይም ጥንታዊ አርጎን ታስሮ ከቀረ ዕድሜው ይጋነናል። ለዚህ ነው ማዕድናቱ ተለይተው በየደረጃው እየሞቁ የሚለኩት። በ1997 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዘዴ የተለካው በ79 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ፖምፔይን የቀበረው ፍንዳታ 1,925 ዓመት አሳየ፤ የስሕተቱ ወሰን 94 ዓመት፤ ትክክለኛው 1,918 ነው።

ተቃዋሚዎቻችን ትክክል የሆኑባቸውም ነገሮች አሉ። ፒልትዳውን የተባለው «የጥንት ሰው» ማጭበርበር ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ ሰው አሳስቷል (በ1953 እ.ኤ.አ. ያጋለጡት ግን ሳይንቲስቶች ናቸው)። የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት ተነሣ የሚለው በዝግመተ ለውጥ አልተመለሰም፤ ጥያቄውም ሌላ ነው። በክፍል ውስጥ ዝንጀሮ ቀስ በቀስ ቀና እያለ ሰው ሲሆን የሚያሳየው ሥዕልም ቢነሣ እንመርጣለን፤ ከጋራ ዘር የወጡ ሁለት ቅርንጫፎችን እንደ ወረፋ ያስመስላቸዋል።

በሥዕሉ ፋንታ ተማሪ ክሮሞዞም ይቁጠር። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ በሽንኩርት ይለማመዱ፤ 16 ትልልቅ ክሮሞዞሞች ስላሉት ዓይን ያስተካክላል። ከዚያ የሰናፍጭና የጎመን ዘር በእርጥብ ወረቀት ላይ ይበቅል። ሥሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ጠዋት ይቆረጥና በሊትር ውኃ 0.29 ግራም በሟሟበት 8-ሃይድሮክሲኪኖሊን ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ፤ ክሮሞዞሞቹን የሚያሳጥረውና ተበትነው እንዲቆሙ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጥሎ ሦስት እጅ ንጹሕ አልኮል ከአንድ እጅ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ጋር ዕለቱን ተቀላቅሎ ለ24 ሰዓት ይግባበት። ከዚያ በ60 ዲግሪ ሙቀት ባለ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይለስልስና ይታጠብ። የጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ በስላይድ ላይ በ2 በመቶ አሴቶኦርሴይን ጠብታ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ሽፋን መስታወቱ ይደረግ፤ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ይደረግና በመምጠጫ ወረቀት ስር በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ ይጫን። ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይቀደዳሉ። በአሲዱ ውስጥ ከቆየ ይፈራርሳል፤ ካልቆየ ሕዋሳቱ ተደራርበው ይቀራሉ። ያደረ አልኮልና አሲድ ድብልቅ ቀለሙን ያደበዝዛል።

የጎመን ክሮሞዞሞች በጣም ትናንሽ ስለሆኑ በ400 እጥፍ ሕዋሱ ይፈለጋል፤ የሚቆጠረው ግን በዘይት በ1,000 እጥፍ ነው። ሁለት ክሮሞዞም ተደራርቦ እንደ አንድ ሲታይ 33፣ አንዱ እምብርቱ ላይ ተስቦ እንደ ሁለት ሲታይ 35 ይመጣል። ከአንድ ሕዋስ ቁጥር አይወሰድም፤ ከተለያዩ ሥሮች ቢያንስ 10 በደንብ የተበተኑ ሕዋሳት ይቆጠሩና ውጤቱ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዕፅዋት ማዳቀልና የሥነ ሕይወት መምህራን